ኮምፒውተር ግራፊክስና አኒሜሽን መማር እፈልጋለሁ፣ የትኛው ዲፓርትመንት ልግባ? (ሐዋሳ)

የሐይቅ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ነኝ፣ ናቹራል ሳይንስ። ዲፓርትመንት የምንመርጥበት ጊዜ እየደረሰ ስለሆነ ጭንቅ ውስጥ ገብቻለሁ። የምፈልገው ኮምፒውተር ግራፊክስና አኒሜሽን ነው፣ በዚህ ስም የሚጠራ ዲፓርትመንት ግን ከምርጫዎቹ ውስጥ የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ እስላለሁ። አሥረኛ ክፍል ሆኜ የአጎቴ ልጅ ብሌንደር (የሥሪ ዲ፣ ማለትም የባለ ሦስት ገጽታ ምስልና አኒሜሽን መሥሪያ ሶፍትዌር) ጫነልኝና ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አያምረኝም። አንድ ባጃጅ ሠርቻለሁ፣ ጎማው ሲዞር ግን ከቦታው እየወጣ ያስቸግረኛል። አሁን ደግሞ አሞራ ገደል (ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ) ካሉት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች አንዱን ለማራመድ እየታገልኩ ነው። እግሩ የሰው እግር እየመሰለብኝ ነው።

አባዬ ሜዲስን ካልሆነ ሲቪል ግቢ ይላል። ስዕል እንጀራ አይሆንም ባይ ነው። ክፉ አይደለም ግን፣ «ሥራ መሆኑን አስረጂኝና እደግፍሻለሁ» ብሎኛል። ስለዚህ የምትጽፉልኝን ለእሱም አነብለታለሁ።

ኮምፒውተር ሳይንስ ልግባ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ወይስ አርክቴክቸር? አዲስ አበባ ያለው የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትስ? ሒሳብ አይከብደኝም፣ ግን እንደ ስዕል አልወደውም፣ ምን ያህል ያስፈልጋል? ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው፣ ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ደግሞ ሁሉም ሰው ኤአይ ይሠራዋል እያለ ያስፈራራኛል። ስመረቅ የምሠራው ነገር ይኖራል ወይ? ከልባችሁ ለምትመልሱልኝ ሁሉ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ቬርቴክስ

እህቴ፣ እኔ በኮምፒውተር ሳይንስ ነው የተመረቅኩት፣ አሁን ሥሪ ዲ እየሠራሁ ነው የምኖረው፣ በብዛት የሕንፃና የማስታወቂያ ሥራ። ምክሬ ኮምፒውተር ሳይንስ ግቢ ነው። ፍሬሽማንን ጨምሮ አራት ዓመት ነው፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ አምስት ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥ ኮምፒውተር ግራፊክስ የሚባል ኮርስ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ ዓመት ላይ ይሰጣል። አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። በዚያች አንድ ሴሚስተር አኒሜተር እሆናለሁ ብለሽ አትጠብቂ። ኮርሱ የሚያስተምርሽ ሶፍትዌር አጠቃቀም አይደለም። ብሌንደር ከጀርባ ምን እንደሚሠራ ነው የሚያሳይሽ። ስክሪን ላይ ሁለት ነጥብ ሰጥተሽው በመካከላቸው ያለውን መስመር የትኞቹ ፒክስሎች ይሙሉት የሚለውን በእጅሽ ትሠሪዋለሽ፣ የብሬዘንሃምን ዘዴ ማለቴ ነው፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ። ከዚያ ማዞር፣ ማንቀሳቀስ፣ ማሳነስ፣ ካሜራ፣ ብርሃን። ብዙ ቦታ በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋና ኦፕን ጂ ኤል በሚባለው የግራፊክስ ላይብረሪ ነው የሚሠራው።

ሒሳቡን በተመለከተ የባጃጅሽ ጎማ ራሱ መልሱን ይዞታል። ጎማው ከቦታው የሚወጣው ለምን መሰለሽ? የሚዞረው በራሱ መሃል ላይ ሳይሆን በዓለሙ ዜሮ ነጥብ ዙሪያ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ወደ ቦታው ወስደሽ ከዚያ ብታዞሪው ዜሮውን እየዞረ በአየር ላይ ይበርራል። መጀመሪያ ዜሮው ላይ እንዳለ አዙረሽ ከዚያ ብትወስጂው ግን ቦታው ላይ ሆኖ ይሽከረከራል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ማዞርና አንድ ዓይነት መንቀሳቀስ ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው የተለየው። ማትሪክስ ሲባዛ ሀ በ ለ እና ለ በ ሀ እኩል አይደሉም ብለው የሚያስተምሩሽ ነገር ይኸው ነው። ኦፕን ጂ ኤል ላይ ደግሞ ኮዱ ውስጥ መውሰዱ ቀድሞ ይጻፋል፣ ነጥቡ ላይ ቀድሞ የሚፈጸመው ግን ማዞሩ ነው፣ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ነው ግራ የሚጋባው። ብሌንደር ላይ ለጊዜው ጎማውን ምረጪና ኦሪጂኑን፣ ማለትም የሚዞርበትን ነጥብ፣ ወደ ጂኦሜትሪው መሃል አምጪው፣ ያልቅልሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎማው ምን ያህል ይዙር የሚለውንም በግምት አታድርጊው። የጎማው ዲያሜትር 40 ሳንቲሜትር ቢሆን አንድ ዙር ሲዞር 1.26 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ባጃጁ 10 ሜትር ከሄደ ጎማው ስምንት ዙር አካባቢ መዞር አለበት። ከዚያ ካነሰ የሚንሸራተት ይመስላል፣ ከበዛ ጭቃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ተመልካች ቁጥሩን አያውቅም፣ ግን የሆነ ነገር ልክ አይደለም ይላል። ስለዚህ ሊኒየር አልጀብራን አጥብቀሽ ያዢ። ካልኩለስም ይረዳል። ከዚያ ውጪ ያለው ሒሳብ ሲያስፈልግሽ ይመጣል።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ስትመርጡ ደግሞ ጓደኞችሽን ቀድመሽ አሳምኚ። ሁሉም የሆስፒታልና የላይብረሪ ሲስተም ነው የሚሠራው። አንቺ ግራፊክስ ያለበት ነገር ይዘሽ ቅረቢ።

ዝም ብለሽ ሥሪ

እኔ በዚህ አልስማማም። አራት ዓመት ሙሉ ዳታቤዝና ኔትወርክ እየተማረች ጊዜዋን ከምታጠፋ ዩቲዩብ ላይ ቁጭ ብላ በአንድ ዓመት ባለሙያ ትሆናለች። ማስታወቂያ የሚያሠሩ ሰዎች ሥራሽን አሳዪን ነው የሚሉት፣ ዲግሪ የጠየቀኝ ሰው የለም። ብሌንደር በነፃ ነው፣ የአጠቃቀም መጽሐፉንም ከድረ ገጹ ዚፕ አድርገሽ ማውረድ ትችያለሽ፣ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ትምህርቱን በሌሊት ጥቅል አውርደሽ ቀን ቀን ሥሪ። በቃ።

ቬርቴክስ

ወንድሜ ዲግሪ አይጠየቅም ያልከው ለማስታወቂያ ሥራ እውነት ነው። እሷ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች እኮ፣ ጥያቄዋ ልውጣ ወይ አይደለም። ደግሞ ጌም ልሥራ ወይም ሼደር (ብርሃንና ቀለም የሚያሰላ ኮድ) ልጻፍ ወይም ለብሌንደር በፓይተን የራሴን መሣሪያ ልሥራ ያለች ቀን ዩቲዩብ ብቻውን አያደርሳትም። ሪግ (ገጸ ባሕርይው የሚንቀሳቀስበት አጥንት) ሲበላሽ ለምን እንደተበላሸ የሚያውቅ ሰው እዚህ አገር እጅግ ጥቂት ነው። እዚያ ላይ ነው እኔ ተፈላጊነት ያየሁት።

እርሳስና ወረቀት

ውዴ፣ እኔ አኒሜሽን ነው የምሠራው፣ የልጆች ትምህርት ላይ። እንኳን ደስ አለሽ ልበልሽ መጀመሪያ፣ ምክንያቱም አባ ኮዳን ለማራመድ መምረጥሽ ብቻውን ዓይን እንዳለሽ ይነግረኛል።

እግሩ የሰው እግር የሚመስልብሽ እኮ ምክንያት አለው። ወደ ኋላ የሚታጠፈው መገጣጠሚያ ጉልበት ይመስላል እንጂ ጉልበት አይደለም። ቁርጭምጭሚቱ ነው። እውነተኛው ጉልበት ከዚያ በላይ ነው ያለው፣ ሆዱ አጠገብ ላባ ሸፍኖት። ወፍ ሁሉ በጣቶቹ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አጥንቱን ስትሠሪ ከዳሌ እስከ ጉልበት አጭር አጥንት አድርጊና ላባው ውስጥ ደብቂው፣ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ረጅም፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት ሌላ ረጅም። ያን ጊዜ በራሱ ወፍ ይሆንልሻል።

ከዚያ ስልክሽን ይዘሽ አሞራ ገደል ጠዋት ሂጂ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሲገቡ። ካሜራውን በሴኮንድ 60 ፍሬም (ምስል) ላይ አድርገሽ ከጎን ቅረጪው። ከፊት አይደለም፣ ከጎን ነው የምልሽ። ቁመቱ እስከ ሜትር ከግማሽ የሚደርስ ወፍ ነው፣ ክብደቱ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲሻገር ሰውነቱ ሲወዛወዝ ታያለሽ። የዓሣ አንጀት ሲወረወርለት ደግሞ ከመነሳቱ በፊት የሚያደርገውን ተመልከቺ። አንገቱን ይሰበስባል፣ ጉልበቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ክንፉን ከፈት ያደርጋል፣ ከዚያ ነው የሚሮጠው። ያች ከመነሳት በፊት ያለች ዝግጅት ከሌለች እንቅስቃሴው ሁሉ ክብደት የሌለው ይሆናል። ዲስኒ ቤት የነበሩ አኒሜተሮች አሥራ ሁለት መርሆች ብለው የጻፏቸው ውስጥ አንዷ እሷ ናት። ሌላዋ ደግሞ ዋናው አካል ሲቆም ተከታዩ ዘግይቶ መድረሱ ነው፣ ነጠላ የለበሰች ሴት ድንገት ዞር ስትል ጥለቱ ዘግይቶ እንደሚከተላት። ጉዱማሌ ላይ ፍቼ ጨምበላላ ሲከበር ቄጣላውንም፣ የሲዳማን የጋራ ጭፈራ፣ ቅረጪ። ያን ሁሉ ሰው አንድ ላይ መሬት ሲረግጥ ዓይኑ ያየ ሰው ስለ ታይሚንግ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ማንም ስለማይነግርሽ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በአማርኛ የሚናገር ገጸ ባሕርይ ስለመሥራት። አፍ ማመሳሰል የሚያስተምሩት ቪዲዮዎች በእንግሊዝኛ ነው፣ የእኛ ፊደል ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ካዕብና ሳብዕ ላይ ከንፈር ይሞጠሙጣል። ራብዕ ላይ አፍ ይከፈታል። ሣልስና ኃምስ ላይ ከንፈር ወደ ጎን ይለጠጣል። መ፣ በ፣ ፐ፣ ጰ ካሉ ከንፈር የግድ ይገጥማል፣ ፈ ላይ የታችኛው ከንፈር የላይኛውን ጥርስ ይነካል። «ቡና ጠጡ» የሚለውን ውሰጂ። ከንፈር ገጠመ፣ ሞጠሞጠ፣ ና ላይ ተከፈተ፣ ጠ ላይ ጠበብ አለ፣ ጡ ላይ እንደገና ሞጠሞጠ። መጥበቅና መላላቱንም እንዳትረሺ። «አበባ» ውስጥ ያሉት በዎች ላልተው ነው የሚያልፉት፣ አንድ ፍሬም ይበቃቸዋል። «አባ» ስትዪ ግን ይጠብቃል፣ ከንፈሩን ሁለት ሦስት ፍሬም ገጥሞ ያዢው። ይህን ካላደረግሽ ድምፁ አማርኛ፣ አፉ የውጭ አገር ይሆናል።

ስለ አለ ትምህርት ቤት፣ ድንቅ ቦታ ነው፣ የመግቢያ ፈተናም አለው። እጅሽን ይገራልሻል። ግን አንቺ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብተሻል፣ ሒሳቡንም አትፈሪውም። እኔ ብሆን ኮምፒውተር ሳይንስ ገብቼ በየቀኑ እስላለሁ። ፊት ብቻ አይደለም ታዲያ። እጅ፣ እግር፣ የቆመ ሰው፣ የተቀመጠ ሰው፣ ከባድ ነገር የተሸከመ ሰው።

ኤአይን በተመለከተ የሚያስጨንቅ ነገር የለም አልልሽም። ርካሽ የማስታወቂያ ምስል የሚሠሩ ሰዎች ገበያቸው ጠቧል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን እኔ እስካሁን ያየሁት እስክስታውን በትክክል የሚሠራ የለም። ትከሻውን ትቶ ክንዱን ያወራጫል። እስክስታ ያለው የትከሻ አጥንት ላይ ነው፣ እሱን ለብቻው የሚያንቀሳቅስ ሪግ መሥራት የምትችይ አንቺ ነሽ። የራሳችንን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ማሽኑን ተጠቀሚበት፣ ምን ልክ እንደሆነ የምትወስኚው ግን አንቺ ሁኚ።

አርክቴክቷ

አርክቴክቸር ለሚለው ብቻ ልመልስ። ግቢ አልልሽም። እኛ ጋ ስኬችአፕ፣ ሉሚዮን፣ ሥሪ ዲ ማክስ በሚባሉ ሶፍትዌሮች እንሠራለን፣ ሪል እስቴቶችም የሕንፃ ምስል በደንብ ይከፍሉበታል። ግን ስቱዲዮው እንቅልፍ ይነሳል፣ ለአኒሜሽን ጊዜ አይተርፍሽም። ሕንፃን ራሱን ካልወደድሽ አትግቢ።

ጋሽ መምህር

ልጄ፣ አባትሽ የሚሰጉት ስለሚወዱሽ ነው። እኔም ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ስጋቱን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ይቺን አንብቢላቸው።

ኮምፒውተር ግራፊክስ የስዕል ሥራ ብቻ ሳይሆን የተከበረ ሳይንስ ነው። ኤድ ካትመል የሚባል አሜሪካዊ ነበር፣ ልጅ እያለ የአኒሜሽን ሠዓሊ መሆን ነበር ምኞቱ። ስዕሉ እንደማይበቃ ሲያስብ ፊዚክስና ኮምፒውተር ሳይንስ ገባ፣ ዩታ ዩኒቨርሲቲ። እዚያ እያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ የገዛ ግራ እጁን ቅርጽ ወስዶ በኮምፒውተር አንቀሳቀሰ። በ1974 የዶክትሬት ሥራው ላይ፣ የትኛው ነገር ፊት የትኛው ኋላ እንደሆነ ኮምፒውተር የሚለይበትን ዘዴና በአንድ ቅርጽ ላይ ምስል የማልበስን ዘዴ አቀረበ። ዛሬ አንቺ ባጃጅሽን ቀለም ስታለብሺ የምትጠቀሚበት ነው። በኋላ ፒክሳርን፣ የአኒሜሽን ፊልም ድርጅቱን፣ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። የ2019 የቱሪንግ ሽልማት ለእሱና ለፓት ሃንራሃን ነው የተሰጠው፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ከዚያ የሚበልጥ ሽልማት የለም።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቡይ ቱዎንግ ፎንግ የሚባል ቬትናም የተወለደ ወጣትም ነበር። ብርሃን በሚያብረቀርቅ ነገር ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሰላ ቀመር በ1973 የዶክትሬት ሥራው አወጣ። ዕድሜው ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለ በ1975 ሞተ። ቀመሩ እስከ ዛሬ በየግራፊክስ ክፍሉ ይሰጣል። ኮምፒውተር ሳይንስ ስትገቢ አንቺም ትማሪዋለሽ።

ለአባትሽ የሚበቃቸው ሌላው ነገር ይሄ ይመስለኛል። ልጃቸው በኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ይዛ ከወጣች አኒሜሽኑ በአንድ በኩል ቢዘገይባት ባንክም ቴሌም የሶፍትዌር ቤትም በር አለ። መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ሜዲስንን ደግሞ ሳይወዱት የሚገቡበት ትምህርት አይደለም፣ ለታማሚውም አይበጅም።

የሐይቅ ልጅ

ጋሽ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአባዬ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰማኝና ስለ ካትመል ያሉትን ድገሚልኝ አለ። ከዚያ ኮምፒውተር ሳይንስ ይሁን፣ ግን ውጤትሽ እንዳይወርድ አለኝ። እርሳስና ወረቀት፣ አጥንቱን እንዳልሽኝ ቀየርኩት፣ ወፍ ሆነ! ቬርቴክስም የጎማው ነገር ሠራልኝ።

ስለ ላፕቶፑ ግን ማንም አልነገረኝም። አሥር ሴኮንድ አኒሜሽን በሳይክልስ (ብሌንደር ውስጥ ባለው የምስል ማውጫ) ሬንደር ላድርግ፣ ማለትም የመጨረሻውን ምስል ላውጣ ብዬ ሌሊት ትቼው ስተኛ መብራት ይሄዳል። የላፕቶፑ ባትሪም ደክሟል። ፋይሉ አይከፈትም፣ እንደገና ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው። ምን ላድርግ?

ቬርቴክስ

ይሄ የሁላችንም ጣጣ ነው፣ መፍትሔ ግን አለው።

አሥር ሴኮንድ በ24 ፍሬም 240 ምስል ነው። አንዱ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ስምንት ሰዓት ሙሉ መብራት ይኖራል ብሎ ማሰብ አያዋጣም። አንቺ የምታወጪው በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል ይመስለኛል፣ ኤምፒ ፎር። ቪዲዮ ሳያልቅ ከተቋረጠ ፋይሉ አይዘጋም፣ ስለዚህ አይከፈትም። አውትፑት የሚለው ገጽ ላይ ግቢና የፋይል ዓይነቱን ፒ ኤን ጂ አድርጊው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው እንደ ፎቶ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። መብራት ቢሄድ የምታጪው በዚያች ደቂቃ እየተሠራ የነበረውን አንዱን ፍሬም ብቻ ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ኦቨርራይት የሚል ምልክት አለ፣ አጥፊው። ከዚያ መብራት ሲመጣ ሬንደር አኒሜሽን ስትዪው ቀድሞ የወጡትን ፍሬሞች እየዘለለ ካቆመበት ይቀጥላል። ከመቀጠልሽ በፊት ግን የመጨረሻዋን ፎቶ ከፍተሽ እያት፣ ግማሽ ላይ ተቆርጣ ከሆነ ደምስሻት፣ አለበለዚያ አለች ብሎ ይዘላታል። 240ዎቹ ሲሞሉ ራሱ ብሌንደር ውስጥ ቪዲዮ ሲኩዌንሰር ላይ አስገቢያቸውና ወደ ኤምፒ ፎር ቀይሪ፣ ይሄኛው ብዙ አይፈጅም።

ላፕቶፑን በተመለከተ የብሌንደር ዝቅተኛ መስፈርት 8 ጊጋ ራም ስለሆነ ለመማር ይበቃሻል። አሁን አዲስ ግዙልኝ አትበያቸው። ከቻልሽ ራሙን ወደ 16 አሳድጊው፣ እሱ ከሁሉ ይቀላል። ሦስተኛ ዓመት ስትደርሺ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ያለው ይታሰብበታል። እስከዚያ ሳይክልስን ተዪውና በኢቪ፣ በፈጣኑ የብሌንደር ምስል ማውጫ፣ ሥሪ፣ ያለ ካርድም ቢሆን ፍሬሙ በብዙ እጥፍ ይፈጥንልሻል። ጥራቱ ይወርዳል ብለሽ አትስጊ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአኒሜሽን ኦስካሩን የወሰደው የላትቪያ ፊልም በብሌንደር ተሠርቶ በዚሁ በኢቪ ነው ሬንደር የተደረገው፣ ላትቪያ ደግሞ ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን የማይሞላ አገር ናት።

አባ ኮዳው ሲራመድ እዚሁ ለጥፊልን፣ ከጎን የተቀረጸውንም ቪዲዮ አብረሽ። አጠገብ ለአጠገብ አድርገን እያንዳንዱን ፍሬም አብረን እናየዋለን።